ለድመት መሪ የማይጠመዝዘው ሰው

በዚያ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ነበር፤ «ቀጥታ ለድመት ሞተ!» ያዘነም ነበረ፣ ሳቁን በመዳፉ የደበቀም ነበረ። ሰው እንዲህ ነው፤ አስከሬን ፊትም ቢሆን ጨዋታ አያጣም።

ሟቹ የአንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት የሹፌሮች አሰልጣኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረው ትምህርት ቢጨመቅ አንዲት ነገር ነው የሚወጣው፤ «ለትንሽ እንስሳ መሪ አይጠመዘዝም። ፍሬን ያዝ፣ መሪህን ቀጥ አድርግ፣ የመጣው ይምጣ።» ሹፌሩ ሁሉ ስሙን ትቶ «ቀጥታ» የሚለው ለዚህ ነው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ፒክአፑ ከኩርባው በታች በአፍንጫዋ ተተክላ፣ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ የተገኘው። ላይ አስፋልቱ መሀል ደግሞ አንዲት ጅራተ ቆራጣ ድመት ተጋድማለች።

ከትራፊክ አደጋ ምርመራ የተላከችው ሴት ወሬውን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው። ሰዉ «ሜትር» ይላታል፤ ከወገቧ የማይለይ የብረት ሜትር አላትና። ባሏንም ለክታ ነው ያገባችው እያሉ የሚያሟት አሉ፤ እሷም ሰምታ «ሁለት ሴንቲ አጥሮኝ ነበር፣ ምን ላድርግ ብዬ ወሰድኩት» ትላለች።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እየተቁነጠነጠ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ያፈጠጠ ነው። ድመት ገባችበት፣ ጠመዘዘ፣ ገደል ገባ። ይፈርሙልንና አስከሬኑን እናንሳ።»

«ገደሉ የት ይሄድብዎታል? ትንሽ ይታገሱ እንጂ» አለችው።

ድመቷ አጠገብ ተንበረከከች። እንደ እንጨት ደርቃለች። ከሥሯ አንዲት ጠብታ ደም የለም፤ ፀጉሯ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ተለጥፏል። አስፋልቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ለካች። የፍሬን ምልክት የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በገመድ ወደ ፒክአፑ ወረደች።

ማርሹ ፍሪ ላይ ነው። የሟቹ ማጅራት ተፈንክቷል። ጫማው ከመወልወሉ የተነሳ ፊት ያሳያል፤ ከጫማው ሥር ደግሞ ወለሉ ላይ አንድ ገጽ ጋዜጣ ተነጥፏል። ጋዜጣው ላይ ግሪስ የነካው የቦት ጫማ አሻራ አለ፤ ተረከዙ በአንድ ወገን ተቆርሷል። ሜትር ጋዜጣውን እንዳይቀደድ በሁለት እጇ አንስታ በፕላስቲክ ከተተችው።

«ፈረሙ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ገና ስትወጣ።

«አልፈርምም። ይህ ሰው ለድመት አልሞተም፤ ድመቷም በእሱ አልሞተችም። ሁለቱንም ሌላ ሰው ነው እዚህ ያመጣቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ጭቃ የጠገበ ጫማውን እንዳደረገ መኪናዋ ውስጥ ገባ። አብረው ወደ ድርጅቱ ግቢ ሄዱ።

ግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ ግን ወሬ የጠማው ሰው ነበር።

«ጅራተ ቆራጣዋን? አውቃታለሁ እንጂ! ትናንት ከሰዓት እዚሁ በር ላይ አውቶቡስ ገጫት። በጅራቷ ይዤ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ የጣልኳት እኔው ነኝ። ደግሞ ምን ጅራት አላት፣ በእግሯ ነው የያዝኳት።»

«ብርቱካን የሚበላ ሰው አለ እዚህ?»

«ሥራ አስኪያጁ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ሲልጥ ነው የሚውለው።»

«ዛሬ ጠዋት ማን ማን ነበር ግቢው ውስጥ?»

ዘበኛው በጣቱ ቆጠረ። «ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሊሸኝ መጣ። ነፍሴ የምንለው ሹፌር አውቶቡስ ሊያጥብ ገባ። ዋናው መካኒክ፣ ማስተር፣ እሳቸውማ ከወፍ ቀድመው ነው የሚገቡት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጥታ በፒክአፑ ገባ። ሲወጣ ግን አላየሁትም።»

«በየት በኩል ወጣ ታዲያ?»

«ከጋራዡ ጀርባ የተበላሸ መኪና የሚጎተትበት በር አለ፤ ከውስጥ ነው የሚከፈተው። ከዚያ እስከ ኩርባው በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ሌሎቹ መካኒኮችስ?»

«ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማን ሊመጣ! የዛሬ ልጆች እኮ ናቸው።»

ሜትር መጀመሪያ የገባችው ቀጥታ ወደሚያስተምርበት ክፍል ነው። ወንበሮች፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ የተቆራረጠ ጠመኔ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ከወዲያ በኩል ጋራዡ ውስጥ የሚመታ መዶሻ እዚህ ያለ ይመስላል። ሰሌዳው አጠገብ አንድ ባዶ ምስማር አለ፤ ከሥሩ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቦታ ቀርቷል።

«እዚህ ምን ነበር የተሰቀለው?» ብላ ጠየቀች ነፍሴ ሲመጣ። ነፍሴ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሹፌር ነው፤ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የፕላስቲክ ቦት አድርጎ ውሃ እያንጠባጠበ ነው የገባው። ስሙን ያወጣለት አፉ ነው፤ ትንኝም ብትሆን «ነፍስ ናት» ይላል።

«ፎቶ ነበር። ትናንት እስክንወጣ ድረስ ተሰቅሎ ነበር።»

«ትናንት ከጋሽ ቀጥታ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ድመት ብትገባባችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብለው ጠየቁን። እጠመዝዛለኋ፣ ነፍስ ናት አልኩ። ‹ከኋላህ የተቀመጠው ሃምሳ ሰውስ ድንጋይ ነው?› አሉኝ።»

«ምን መለስክ?»

«መንገዱ ባዶ ቢሆንስ፣ ፍጥነቴ ትንሽ ቢሆንስ አልኳቸው። ‹እጅህ አንዴ ከለመደ መንገዱን አይቶ አይደለም የሚጠመዝዘው› አሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ ላይ ረቱኝ። ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ያንን ፎቶ ማሳየት ጀመሩ።»

ፎቶው የዛሬ ሁለት ዓመት እዚያው ኩርባ ላይ ገደል የገባ አውቶቡስ ነው። ሹፌሩና አራት ተሳፋሪዎች ሞተዋል። ሹፌሩ የማስተር ልጅ ነበር። ከፎቶው ሥር በትልቁ «ለአንዲት ድመት!» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ሹፌር በገባ ቁጥር፣ በየወሩ፣ ቀጥታ ያንን ፎቶ እየደበደበ ይጮሃል።

«ማስተር ደግሞ ከቆርቆሮው ወዲያ ናቸው» አለ ነፍሴ። «አንጀቴ ቅጥል አለ። ‹መጠምዘዙን በምን አወቁ? ምልክቱን አይተዋል? ወይስ ሞቶ ነገረዎት?› አልኳቸው። በቃ፣ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ቀይ ሰው አመድ መሰሉ። ከዚያ ውጣ ብለው ጮኹብኝ፤ ሦስት ወር መሪ እንዳልነካ ከለከሉኝ።»

«አንተም እገድለዋለሁ አልክ።»

«ብያለሁ። ሰው ሲናደድ የማይለው ነገር አለ? ለድመት የምሳሳ እኔ ሰው ልግደል?»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ብርቱካን ይልጣል።

«የዚያን የድሮውን አደጋ ሪፖርት ማን ጻፈው?» አለች ሜትር።

«ሟቹ። እሱ ራሱ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ነው የጻፈው። ደግሞ የሞተ ነገር ምን ያስቆፍረናል?»

«የሞተ ነገር እኮ ነው ዛሬ ሰው የገደለው» ብላ ወጣች።

ጋራዡ ውስጥ ማስተር አንድ ሞተር ላይ አጎንብሰዋል። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቱታቸው ያረጀ ነው፣ ዕቃቸው ግን እንደ ሙሽራ ቤት ተደርድሯል። ሜትር ሰላም ብላ ወሬውን በመኪናዋ ጀመረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ከወለሉ ሥር የሚጮህ ነገር አለ አለቻቸው። ማስተር እጃቸውን ጠርገው ተከተሏት። በሩን ከፍተው ከቱታቸው ኪስ የታጠፈ ጋዜጣ አወጡ፣ ወለሉ ላይ አነጠፉት፣ ከዚያ ነው እግራቸውን ያስገቡት። ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን ሰጡት።

«ምንም አልሰማም፣ ልጄ።»

«ይሆናል፤ ድምፁ ጠፋ ማለት ነው። ጋዜጣውን ይተዉት፣ እኔ እጥለዋለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀጥታን ይጠሉት ነበር?»

«እጠላው ነበር። ምን እደብቅሻለሁ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጄን ቀበርኩ፤ ሞት ነው፣ ቻልኩት። ይሄ ግን በየወሩ ከመቃብር እያወጣ ይሰድብብኛል። ሠፈሬ ውስጥ ‹አራት ሰው ለድመት የጨረሰው ልጅ አባት› ነው የምባለው። እኔ ከዚህ ዓለም የቀረኝ ፍላጎት አንድ ነው፤ የልጄ ስም ይመለስልኝ።»

«ልጅዎ በእውነት ጠምዝዞ የሞተ ይመስልዎታል?»

«ሆደ ቡቡ ነበር። ልጅ ሳለ ጉንዳን ይለፍ ብሎ በር ላይ ያቆመኝ ነበር። እኔ ያን ሳምንት ታምሜ ተኝቻለሁ፤ አውቶቡሱን ፈትሼ አልሸኘሁትም። ጠምዝዞም ቢሆን ለነፍስ ብሎ ነው። ለነፍስ ያለ ልጅ እንዲህ ይሰደባል?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሜትርም የብረት ሜትሯን ጨበጥ አድርጋ ሄደች።

የሟቹ ሚስት ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ጫማውን ዛሬ ማን ወለወለለት?» አለቻት ሜትር።

«እኔ ነኛ። ሃያ ስድስት ዓመት ወልውዬለት አላውቅም፤ ዛሬ ግን የበደልኩት ሰው ፊት ልቀርብ ነው ሲለኝ፣ አምጣው አልኩት። ትናንት ፎቶውን ይዞ መጥቶ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ተቀምጦ ጻፈ። ቃል ቢያጥረኝ ይሄን አንቺ ስጪልኝ ብሎ ነው የወጣው።» ከጉያዋ ፖስታ አሳየቻት።

«ስጪኝ።»

«አልሰጥሽም። ገዳዩን ፊቴ አቁሚልኝ፣ ያኔ እኔው አነበዋለሁ።»

«ማስረጃ እኮ ነው፣ እህቴ።»

«ባሌም ባሌ ነበር።»

ሕጉ እንዲህ ያለውን ነገር አይወድም። ሜትር ግን የዚያችን ሴት ፊት አይታ «አሥር ሰዓት ላይ የባልሽ ክፍል እንገናኝ» አለችና ሄደች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንደ ተማሪ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ነፍሴ፣ ማስተር፣ ሚስትየዋ፤ ዘበኛውና አንድ ፖሊስ በሩ ላይ። ሜትር ሰሌዳው ጋ ቆመች።

«ቀጥታ ለድመት ጠመዘዘ እንበል» አለች። «ቢጠመዝዝ እንኳ እግሩ ከእጁ ይቀድም ነበር። ሠላሳ ዓመት ‹ፍሬን› ሲል የኖረ ሰው ያለ ፍሬን ገደል አይገባም። ማርሹም ፍሪ ላይ ነው፤ መኪናዋ ተገፍታ እንጂ ተነድታ አልወረደችም። መሪ ላይ የተደፋ ሰው ደግሞ ግንባሩ እንጂ ማጅራቱ አይፈነከትም።»

«ድመቷስ?» አለ ዘበኛው አላስችል ብሎት።

«ድመቷ ከዚህ ግቢ በርሜል ተነስታ ነው የሄደችው፤ ልጣጩ ላይዋ ላይ አለ። ስለዚህ ገዳዩ፣ ከበሩ የማይለየው ዘበኛ ሲቀር፣ ጠዋት እዚህ ከነበሩት ከሦስቱ አንዱ ነው። ነፍሴ እገድለዋለሁ ብሏል። ግን የሱ ቦት ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ እንጂ ግሪስ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ብርቱካን ይበላሉ። ልጣጩን መጣላቸው ድመቷን አንስተዋል አያሰኝም።»

«ተመስገን!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይቆዩ፣ እርስዎን ገና አልጨረስኩም።» ሁለት የጋዜጣ ገጾች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። «ይህ ከሟቹ እግር ሥር የተገኘ ነው። የሟቹን ጫማ ሚስቱ ወልውላዋለች፤ የግሪሱ አሻራ የሱ አይደለም። ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ የሚያነጥፍ ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ያራገፉት ጭቃ እስካሁን አለ። ጋዜጣ የሚያነጥፍ ጨዋ መካኒክ ነው፤ ለዚያውም የድሮ ሰው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል። ሰው ገድሎ አስከሬን ጭኖ እንኳ፣ እጁ የለመደውን አደረገ።»

ሜትሯን ስባ የሁለቱን አሻራ ርዝመት ለካች። እኩል ነው፤ በሁለቱም ላይ ተረከዙ እዚያው ቦታ ላይ ተቆርሷል።

«ሁለተኛው ዛሬ ቀን የተነጠፈልኝ ነው» አለች በቀስታ። «ማስተር፣ መኪናዬ እኮ አትጮህም።»

ማስተር ቦት ጫማቸውን አዩ። ሌላው ሰው ሁሉ እሳቸውን አየ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አልክድም። ያንን ስድብ በየወሩ ስሰማ፣ አንተም አንድ ቀን ለድመት ሞተ ትባላለህ እያልኩ ነበር የምኖረው። ዛሬ ጠዋት ጋራዡ ገባ። ‹ማስተር፣ ስለ ልጅህ› አለኝ። በዚያ አፉ የልጄን ስም ሊጠራ ነው ብዬ ዓይኔን ደም ጋረደው። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ምን ሊያነሳ እንደሆነ እንጃ። የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ሰዉ ጠዋት ‹ለድመት ሞተ› ሲል ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።»

«ምንም ሊያነሳ አልነበረም» አለች ሚስትየዋ።

ተነስታ ፊታቸው ቆመች። እስከ ትናንት «እርስዎ» ትላቸው የነበረች ሴት ናት።

«እግርህ ላይ ሊወድቅ ነበር። ጫማውን ወልውዬ የላክሁት ለዚያ ነው። ስማ እንግዲህ።»

ፖስታውን ቀደደችና ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል አነበበችው።

«‹ማስተር፣ ልጅህ አልጠመዘዘም። የፊት ቀኝ ጎማው ፈንድቶ ነው። አንተ ታመህ በተኛህበት ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ያለቀ ጎማ አስገጥሞ አስወጣው። ምልክቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎማው ወደ ገደል ሲጎትተው ልጅህ ፍሬኑንም መሪውንም አልለቀቀም፤ ሠላሳ ሜትር ታግሏል። እኔ እንዳስተማርኩት ነው የሞተው። ድመቷ ዳር ላይ ሞታ የቆየች ነበረች። ሥራ አስኪያጁ ድመት በለው አለኝ፤ ለእንጀራዬ ፈርቼ አልኩ። ከዚያ ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ እየጮህኩ ኖርኩ። ትናንት አንድ ልጅ በምን አወቅህ ሲለኝ አፌ ተዘጋ። ከአንተ ቀጥዬ ሹፌሩን ሁሉ ሰብስቤ ስሙን እመልሳለሁ፤ ሕግም ፊት ቀርቤ እመሰክራለሁ። ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም።›»

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። በሩ ላይ ፖሊሱ ነበር፤ ነፍሴም ተነስቶ ከፖሊሱ አጠገብ ቆመ። «ወዴት ነው፣ ጌታው? አምስት ነፍስ እኮ ነው» አለው። ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ ተቀመጠ።

ማስተር የሚሰሙ አይመስሉም። «ቀጥ ብሎ ነው የሄደው?» አሉ። «ልጄ መሪውን አልለቀቀም?»

«አልለቀቀም» አለች ሚስትየዋ። «ይሄን ወረቀት ላቃጥለው ነበር። ዛሬ ሞቱ እንደተነገረኝ ክብሪት ጭሬ ነበር። ግን ባቃጥለው አንተ ጠላቴን ገደልኩ እያልክ ደስ ብሎህ ትኖራለህ። አልፈቅድልህም! የልጄን ስም ሊመልስልኝ የመጣውን፣ ያየውን አንዱን ሰው ገደልኩ እያልክ ኑር። እኔ ይቅር አልልህም፤ ልጅህም ይቅር የሚልህ አይመስለኝም።»

ወረቀቱን ባዶው ምስማር ላይ ወጋችው። ማስተር ሊያነቡት ተጠጉ፤ መነጽራቸውን ጋራዡ ውስጥ ትተውታል። የልጃቸው ስም የተጻፈበት የቱ ጋ እንደሆነ ስላላወቁ ወረቀቱን እንዳለ በመዳፋቸው ዳበሱት።

ነፍሴ ደግፎ ወደ ውጭ አወጣቸው። ሜትር የመኪናዋን በር ከፈተች። ማስተር እግራቸውን አነሱና መለሱት፤ የቱታቸውን ኪስ አንድ በአንድ ፈተሹ። ምንም የለም።

«ይግቡ እንጂ፣ ማስተር።»

«ጋዜጣ የለኝም» አሉ። «ወለልሽ ይቆሽሻል፣ ልጄ።»